ከልብ ቀዶ ጥገና የተመለሱ ሕፃናትን ይመግቡ የነበሩት ሲስተር ተሻለች ኃይለ መስቀል (1936–1982 ዓ.ም.)

በሚያዝያ 1976 ዓ.ም. ሲስተር ተሻለች ኃይለ መስቀል፣ ውጭ አገር የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ለተመለሰች የስምንት ወር ሕፃን እናት ለወይዘሮ ዙቤዳ ሽኩር፣ "እንዳትደክም ተጠንቀቂላት" ብለው ነገሯቸው። ወይዘሮ ዙቤዳም ቃሉን አከበሩ። ሕፃኗ አልፊያ ስትጠባ ግንባሯን ያልባት ነበርና፣ ላቡን ባዩ ቁጥር ከጡት ያነሷት ጀመር።

ሲስተር ተሻለች ከአባታቸው ከአቶ ኃይለ መስቀል በላይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቱካን አድማሱ በ1936 ዓ.ም. በጎጃም፣ ደጀን ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው አዲስ አበባ አክስታቸው ዘንድ መጡ፤ በ1957 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። በ1959 ዓ.ም. ከመምህር ተክለማርያም አስፋው ጋር ተጋብተው ወለተጻድቅንና ደመቀን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1970 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘምተው አልተመለሱም። እሳቸውም ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ በሚገኝ ክሊኒክ እየሠሩ ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳደጉ።

አልፊያ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመዘን፣ ከአውሮፕላን ከወረደችበት ቀን ይልቅ ቀልላ ተገኘች።

"ዙቤዳ፣ ይህች ልጅ አትበላም እንዴ?" አሉ ሲስተር ተሻለች።

"ሲስተር፣ እርስዎ አይደሉ እንዳትደክም ያሉኝ?"

ሲስተር ተሻለች ከወንበራቸው ተነሥተው፣ "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ በፊትና በኋላ ወደ ወይዘሮ ዙቤዳ ቤት ይሄዱ ነበር። ቁስሏ የሚጠግገው በፕሮቲን መሆኑን፣ ልቧ የደከመ ሕፃን ደግሞ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መመገብ እንዳለባት አስረዱ። የታለበ የጡት ወተት በማንኪያ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ተቀቅሎ በወንፊት ያለፈ ምስር ይሰጧት ነበር። ወይዘሮ ዙቤዳ፣ "ሲስተር፣ ከኔ ይልቅ እርስዎን ለመደች፤ ይውሰዷት እንግዲህ" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አልፊያ በሁለት ወር ሰባት መቶ ግራም ጨመረች። በነሐሴ ብርድ ግን ሳንባዋን ታመመች፤ በአምስተኛው ቀን ዐረፈች። ሲስተር ተሻለች እነዚያን ሦስት ሳምንታት ለራሳቸው ይቅር አላሉም።

ከዚያ ወዲህ እናቶችን አስተምረው ሲጨርሱ፣ "እኔ ያልኩትን ተይው፤ አንቺ የሰማሽውን ንገሪኝ" ሳይሉ፣ ሕፃኑም በፊታቸው ሳይመገብ አያሰናብቱም ነበር። አንዳንዶቹ በሐሜት "ሲስተር ፈተና" ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ሰምተው ይሥቁ ነበር። ከልብ ቀዶ ጥገና የተመለሱ ዘጠኝ ሕፃናትን በዚህ መልክ ተከታትለዋል።

ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 19 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። በዋዜማው የጠየቁት፣ ዘጠነኛው ሕፃን መኳንንት ስንት ኪሎ እንደ ሆነ ነበር። ገና አልተመዘነም ነበርና መልሱን ሳይሰሙ ቀሩ።

ሁለቱ ልጆቻቸውና ታናሽ እኅታቸው ወይዘሮ እሙ በሕይወት አሉ። ለሕፃናቱ የደከሙትን አምላክ አይቶ፣ ድካም በሌለበት ስፍራ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።

ሕፃን መኳንንት ትናንት ከቀትር በኋላ ተመዘነ። ሦስት መቶ ግራም ጨምሯል።