የስኳር መድኃኒት

ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባሌ ተፈራ ስኳር የለበትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሻዩን ያለ ስኳር ሳቀርብለት ኖሬያለሁ።

ዛሬ ዓይኑን ላሳክመው ጀሞ ያለ የዓይን ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ በመሣሪያ አይታ ስትጨርስ፣ "ይሄን ኢንፌክሽን እምብዛም አናየውም፤ የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰውን ነው የሚይዘው" አለች። "ብቻችንን እናውራ?"

"ሚስቴ ናት፣ ትስማ።"

"የኤች አይ ቪ መድኃኒት ይወስዳሉ?"

ወለሉን አየ። "ጠበል ስጀምር አቆምኩት።"

"የቱን?" አልኩት።

"የስኳር ነው ያልኩሽን።"

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ፣ "እርስዎም ዛሬውኑ ይመርመሩ" አለችኝ።

እሱን ፎቅ ላይ አስቀምጬ፣ ሐኪሟ ለዓይኑ የጻፈችለትን ማዘዣ ይዤ ታች ፋርማሲ ወረድኩ። ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ "ለማን ነው፣ እናት?" አለችኝ። ለባሌ ማለት አቃተኝ። ማዘዣውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ።