ከባሕር ያገድኩሽበት ግዝት

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 2003 ዓ.ም.

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? እኔ ጉልበቴ አልታዘዝ ቢለኝም፣ ገብሱን ውርጭ መትቶት ግማሹ ገለባ ቢሆንም፣ የፈጠረኝ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ደብዳቤሽን ራሴ አነበብኩት። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት የልጄን ቃል ከሰው አፍ ላለመስማት ነውና፣ ብዙ ቀን ቢፈጅብኝም ለማንም አልሰጠሁት። ጎረቤታችን ጥሩሸዋ ምን እንደምትሠሪ ጠይቃኝ ብነግራት፣ «ሳር ለማየት ነው በአውሮፕላን የሄደችው? ለዚህማ የእኛ ጨፌ ምን አነሰው!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

የጻፍሽውን እንደገባኝ ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ። ከባሕር ሥር ሳር ይበቅላል። በቅጠሉ ላይ እንደ ድንጋይ ሽበት ያለ ነጭ ቅርፊት ይለጠፋል፤ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ባለ ዛጎል ነፍሳትም ቤት ሠርተው ይኖሩበታል። የፋብሪካና የመኪና ጭስ እየገባበት ባሕሩ ወደ መኮምጠጥ እየሄደ ነው። አንቺ ባለሽበት ደሴት ዳር ደግሞ ከመሬት ሥር አየር እንደ አምቦ ውሃ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ እዚያ ውሃው ከወዲሁ ኮምጥጧል፣ የነገውን ዛሬ ያሳያል። ሳሩ ለምለም ነው፤ ቅጠሉ ግን ራቁቱን ነው። ነጩ ቅርፊት የለም። ከባለ ዛጎሎቹም አብዛኞቹ የሉም፤ ቦታቸውን ዛጎል የሌላቸው ይዘውታል።

ከሩቅ ያየው ሰው ለምለሙን አይቶ ደህና ነው ይላል። የእኔንም ቤት መንገደኛ ቆርቆሮውን አይቶ ደልቷታል ይላል።

የእኛ የኩበት ጭስስ አለበት ወይ? ይህን አልጻፍሽልኝም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አላመንኩሽም ነበር። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከቆላ ሎሚ ከምታመጣው ነጋዴ ከራህማ ሎሚ ገዛሁ። ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ እንቁላል ልዘፈዝፍበት ነው አልኳት። «እትዬ፣ ጾም ሊገባ ሲል ይኼ ደግሞ የምን ወጥ ነው?» አለችኝ። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ነከርኩት። አረፋ ለበሰ። ሲያድር ቅርፊቱ ልሟል፤ ጭማቂውን ስቀይርለት ጨርሶ ሄደ። ስስ ቆዳ ብቻ የያዘው ገላ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቁጭ ብዬ አየሁት።

ወደ ጠየቅሽኝ ነገር ልምጣ። ስትሄጂ፣ እግርሽን ባሕር ብታገቢ የጠባሽው ጡት ይፍረድብሽ ብዬ በመምሬ አፈወርቅ ፊት ገዝቼሻለሁ። አንቺም አክብረሽ ዳር ቆመሽ ሌሎች የሚለቅሙልሽን ቅጠል ትመረምሪያለሽ። ሲነቅሉትና ሲያጓጉዙት ግን ትንንሾቹ ይረግፋሉ፤ ባሕሩ የጨረሳቸውንና እጅ ያራገፋቸውን መለየት አልቻልሽም። ውሃው ውስጥ ገብተሽ በበቀሉበት ካላየሻቸው ሥራው ለሌላ ሊሰጥ ነው። «እማዬ፣ ፍቺኝ» አልሽ።

ለምን እንደገዘትኩሽ ታውቂያለሽ። ወንድምሽ ስንታየሁ የባሕር ኃይል ልብሱን ለብሶ በዚህ ደጅ ወጣ። ምጽዋ በተያዘች ጊዜ መርከባቸው ሰጠመ አሉ። አሉ ነው እንጂ ሬሳውን ያየ የለም። መንግሥት ሄዶ መንግሥት ቢመጣም ቁርጡን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ዘመድ ተሰብስቦ ፍትሐት ይደረግለት ቢለኝ፣ «በሕይወት ያለን ልጅ የምትቀብሩ እናንተ ማን ናችሁ!» ብዬ ከደጄ አባረርኳቸው። ከአክስትሽ ጋር ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም፤ በመንገድ ስታየኝ ነጠላዋን ትከናነባለች። ትከናነብ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መልሱን ግን አትጻፊልኝ። ዛጎልን የሚበላ ውሃ አጥንትንስ ምን ያደርገዋል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬን ግዝቱን ይፍቱልኝ አልኳቸው። «ምን አገኘሽ ዛሬ? እንደ አንቺ የጸና ድንጋይ እኮ መንዝ አላበቀለም» አሉኝ። ልጄ ማየት ያለባትን ሌላ ሰው አያይላትም አልኳቸው። ፈቱሽ። መስቀላቸውን ተሳልሜ እስከ ቅጥሩ በር ሄድኩ። ተመልሼ የወንድምሽን የክርስትና ስም ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «መቼ ይሁን?» ብቻ አሉኝ። ወደ አክስትሽም ሰው ልኬያለሁ፤ ለተዝካሩ ጠላ የሚጠምቅ እጅ ያስፈልገኛል።

እንግዲህ ግቢ። ብርድ እንዳይመታሽ ለብሰሽ ግቢ። ቅጠሉን ስትነኪ ቀስ ብለሽ ንኪ። ከሥር ያለውን አሸዋም አትርገጪብኝ።

ዮናስን ከጥልቁ ያወጣ አምላክ በእጁ ይዞ ያውጣሽ። ያየሽውን ለመናገር አፍሽን ይክፈትልሽ፤ የሚሰማሽ አያሳጣሽ። በአገር በወገንሽ መካከል ሸብተሽ ለመቀመጥ ያብቃሽ። አሜን።

የአንቺና የወንድምሽ እናት