የአጎቴን ዱካ የጠረግንበት ቀን

ውድ ሳጅን ብሮንዊን፣

«ሰው ሞቶ ስሙ ካልተጠራ ምኑን ተከበረ?» ብለው የላኩልኝ መልእክት ደርሶኛል። በሥራ ላይ የወደቁ ፖሊሶችን የምናስብበትን ሥርዓት እዚያ አደላይድ ከተማ ሆነው በስልክ ሲከታተሉ፣ የአጎቴ ተራ ሲደርስ ዝም ማለቴን ሰምተዋል። «ዘለልሽው» ብለውኛል። በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም እቆጣ ነበር። ግን ስርጭቱ ከተቋረጠ በኋላ እዚህ በረሃችን ውስጥ የሆነውን አላዩም።

ጥፋቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ከፖሊስ ማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው። ኢንስፔክተር ሃሊዴይ የስም ዝርዝሩን እንዳነብ ሲመርጡኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። «አንቺም አንድ ቀን ይህን ኮፍያ ታደርጊያለሽ» ይለኝ የነበረውን የአጎቴን ስም ሦስት ሳምንት መስታወት ፊት ተለማመድኩት። አልበቃ ብሎኝ በትልቁ አሳትሜ ጣቢያው በር ላይ ለጠፍኩት።

የአጎቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ማቪስ፣ ስታልፍ አየችው። ሻሿን ፈታ ሸፈነችው።

«አንቺ፣ እዚያ ትምህርት ቤት ጆሮሽን አስቀርተው ነው እንዴ የላኩሽ?»

«ላከብረው ብዬ ነው፣ አክስቴ።»

«ሰውዬው መንገድ ላይ ነው። ስትጠሪው ዞር ይላል። ዞር ካለ ደግሞ አይደርስም።»

ወጉን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ዩኒፎርሙ ነው ያስረሳኝ። እርስዎ እዚህ የቆዩት ስምንት ወር ስለሆነ አልገጠመዎትም ይሆናል፤ እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስም ለዓመታት አይነሣም፣ በስሙ ፈንታ «ኩመንጃይ» ነው የሚባለው። ሞክሼውም እንደዚያው። ባለ ሱቁ የአጎቴ ሞክሼ ነበርና «ሳልሞት ቀበራችሁኝ!» እያለ ይስቃል።

ኢንስፔክተሩ ተጨነቁ። «ዝርዝሩ ከላይ የመጣ ነው። ካልተነበበ የተረሳ ይመስላል» አሉ።

«እናንተ ትጠራላችሁ፣ እኛ እንጠርጋለን» አለች አክስቴ።

«ምኑን?»

«ዱካውን። በሰላም እንዲሄድ።»

«እስከ የት ድረስ?»

«እስከሄደበት ድረስ ነዋ!»

ኢንስፔክተሩም ተስማሙና የእሱ ተራ ሲደርስ ዝም አልኩ። ሥርዓቱ ሲያበቃ የመንደራችን ሴቶች ቅጠላም ቅርንጫፍ ይዘው ተነሡ፤ ከጣቢያው በር ጀመርን። ኢንስፔክተሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ መስሏቸው ነበር። ግን ያውቁት የለ? አጎቴ መኪና አይወድም። «መኪና ውስጥ ሆኖ ሰው አይሰማም» ይል ነበር። ነርሷን ያጅብ ወደነበረበት ክሊኒክ ጠረግን። ወደ ትምህርት ቤቱ ጠረግን። በሁለት የተኳረፉ ቤተሰቦች መሀል ቆሞ፣ የሁለቱንም ሻይ እየጠጣ ወዳስታረቀበት አጥር ጠረግን። ከየበሩ «እዚህም መጥቷል!» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ የጠራንም ሰው ቅርንጫፍ ይዞ ይከተለናል።

«ይሄ ሰውዬ እግር ነው ጎማ የነበረው?» አለ ባለ ሱቁ ወገቡን ይዞ።

ኢንስፔክተሩ በክብር ልብሳቸው፣ ከነሜዳሊያቸው፣ ቅንድባቸው ድረስ አቧራ ለብሰው ጠረጉ። ጠዋት ጀምረን ከሰዓት በኋላም አላለቀም። ሳጅን፣ ስሙን ባነበው ኖሮ ሁለት ሰከንድ ነበር።

በመጨረሻ ወንዙ መሻገሪያ ደረስን። በጎርፉ ቀን ሦስት ልጆችና እናታቸውን ከተገለበጠች መኪና አውጥቶ እሱን ውኃው ወስዶት የቀረበት፣ እርስዎም ገመዱን የያዙበት ቦታ። ልጠርግ ጎንበስ ስል አክስቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው። እዚህ ጋ ብቻውን አልነበረም። የሳጅኗም እግር አብሮ አለ። ራሷ መጥታ ትጥረገው።»

ገመዱ ከእጄ አመለጠ ብለው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ እንደሄዱ ሁላችንም እናውቃለን። ጎርፉ ስንት ዛፍ እንደነቀለም አይተናል። እዚህ እርስዎን የሚወቅስ ሰው አልሰማሁም፤ ቢኖር አክስቴ ትበቃው ነበር።

የቀረው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ማንም እንዳይረግጠው ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረንበታል። እስኪጠረግ ድረስ አጎቴም መንገዱን አይጨርስም። እባክዎ፣ መቼ እንደሚመጡ ይጻፉልኝ። ቅርንጫፉን እኔ እቆርጥልዎታለሁ።

የእህቱ ልጅ፣
ኮንስታብል ሬኒታ