የግማሽ ቀን ሴቶችና የኮታ ላማችን

ይድረስ በሸንኮራው አገር ለሚገኘው ለወንድም ጋሼ ኤርካሎ።

ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከቤታችን ደጃፍ የተነሣው ሰላምታዬ ቆላውንና ወንዙን ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። ለመሆኑ እንደ ምን ሰንብተሃል? ያ የወገብ ሕመምህ ተወህ ወይስ አሁንም ከአልጋ ስትነሣ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ባለቤትህ አባይነሽ ደኅና ናት? ወባው ዘንድሮ ማራችሁ? ልጆቹስ ጥርሳቸውን በሸንኮራ ጨረሱት ወይስ ጥቂት ተርፏቸዋል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር፣ ጌታ ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። የእናታችን ጉልበት ብርድ ሲሆን ያማታል፤ አፏን ግን አንድም ቀን አሟት አያውቅም። ይህን ስጽፍ እንኳ አጠገቤ ተቀምጣ ይህን ጻፊ፣ ያን ተዪ እያለች መከራዬን ታሳየኛለች። ልጄ ሣራ ሦስተኛ ክፍል ገብታ አሁን የእኔን ጽሕፈት ማረም ጀምራለች።

የላክኸው ደብዳቤና የመኪና መሳፈሪያ ገንዘብ በየካቲት ወር በባለሱቁ በኑሪ እጅ ደርሶኛል። ሦስት ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ረስቼህ ወይም ኮርቼብህ አይደለም። ፍርሃቴን ቀደም ብዬ ጽፌልህ ስለነበር፣ አንተም የሠራተኛ ማኅበሩ ውል እናንተን የግማሽ ቀን ሴቶችን ትቶ ከተፈረመ ቤቱን ዘግተሽ እናታችንንና ሣራን ይዘሽ ነይ ብለህ መለስክልኝ። በሠላሳ አምስት ሳንቲም የቀን ደመወዝ ሦስት ሰው እንደማይኖር እኔም አላጣሁትም። ቃልህን ለእናታችን ባነበብኩላት ጊዜ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣችና እንሰቶቿን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ዞረቻቸው። ያን ቀን እንመጣለን ብዬ ልጽፍልህ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ እሷን ሳያት ግን እጄ እንቢ አለኝ።

የጥጥ መዳመጫው አንተ ስትሄድ ግድግዳው ብቻ ነበር የቆመው። አሁን ከአባያ በኩል የሚመጣው ጥጥ እዚህ ይዳመጣል፤ የማሽኑ ጩኸት እስከ ገበያው ድረስ ይሰማል። ማሽኑ ላይና ጭነት ላይ የሚሠሩት ሃያ ሁለት ወንዶች ናቸው። ከጧቱ አንድ ሰዓት ገብተው፣ በምሳ ለሁለት ሰዓት ያህል አርፈው፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይውላሉ፤ የቀን ደመወዛቸው አንድ ብር ነበር። እኛ ሴቶቹ አርባ ነን። ከአንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ከጥጡ ላይ ቅጠሉንና ጠጠሩን እንለቅማለን፤ የመዳመጫው ባለቤት ሴት ሙሉ ቀን አይቀጥርም። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ የሚበላው እኛ በጧት ያጸዳነውን ነው። ሰዓታችን የወንዶቹ ግማሽ ነው፤ ደመወዛችን ግን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

ማኅበሩ የተቋቋመው ዓምና ነው። ሊቀ መንበሩ የማሽኑ ኃላፊ ሶርሳ ነው፤ ያ ጎረቤታችን፣ አንተ ትተህልኝ በሄድከው ገንዘብ ላሚቱን በኮታ አብሬው የገዛሁት። እንደምታውቀው ግማሿ የእነሱ፣ ግማሿ የእኔ ናት። ግጦሽ ስላላቸው እነሱ ዘንድ ታድራለች፤ አንድ ሳምንት እነሱ ያልባሉ፣ አንድ ሳምንት እኔ። ሶርሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ የጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ ነው። ግን እሱም ሌሎቹም ወንዶች ስለ ጭማሪ ከሰሙ ወዲህ፣ በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ሆኑ። የማኅበሩን መዋጮ ግን እኛም ልክ እንደነሱ በወር ሃያ አምስት ሳንቲም እንከፍላለን። ስንከፍል ሙሉ ነን፣ ሲከፈለን ግን ግማሽም አንሞላ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገርህ፤ ሳትስቅ አንብበው። በጥር ወር አንድ የመንግሥት ጸሐፊ መጥቶ ሠራተኛውን ሁሉ ከነሥራው እየጠየቀ መዘገበ። ሴቶቹ አማርኛ ስለሚያስቸግራቸው አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። በእኛ ዘንድ ለእንግዳ የራስን ሥራ ማወደስ ነውር መሆኑን አንተም ታውቃለህ። እናታችን ቆጮውንና ሥጋውን ደርድራ፣ ቅቤውን አፍስሳ፣ ምንም የለንም እንዲያው ቅመሱ ትል የለ? ሴቶቹም እንደዚያው፣ እኛ ምን ሥራ አለን፣ ወንዶቹን ትንሽ እናግዛለን አሉ። እኔም የሚሲዮን ትምህርት ቤቷ ብልኅ ሳልቀንስ ሳልጨምር ተረጎምኩለት። ሰውየው የእኛን ወግ ከየት ያውቀዋል? የነገርነውን ጻፈ።

በመጋቢት የውሉ ረቂቅ በስብሰባ ላይ ተነበበ። ለሙሉ ቀን ሠራተኞች በቀን ሃያ ሳንቲም ጭማሪ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የዓመት ዕረፍት ይላል። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ከታች ግን አጋዥ ሴቶች እንደ ቀድሞው ይቀጥላሉ የሚል አለበት። ቃሉ የእኔው ቃል ነበር። በገዛ አፌ አርባ ሴት ሸጥኩ ብዬ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሶርሳን ሄጄ ብጠይቀው፣ ባለቤቱ መዝገቡን እያሳየ እነሱ ራሳቸው ያሉት ነው ይላል፣ ስለ እናንተ ከተከራከርን የእኛም ጭማሪ ይቀራል አለኝ። ፊርማው ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ።

እናታችን ሥራውንም እንዳላጣው ፈርታ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ መከረችኝ። ከእኛ ከለቃሚዎቹ በዕድሜ ትልቋ ብርቄ ግን፣ በገሱባ መንገድ ከሩቅ በእግሯ የምትመጣዋ፣ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ አስተካክዪው አለችኝ። ያ ሳምንት ላሚቱን የማልብበት ሳምንቴ ነበር። በነጋታው ጧት ሶርሳ ቤት ሄድኩ፤ ሚስቱ ጥጃውን ይዛልኝ ማለቢያውን እስከ አፉ ሞላሁ። ወተቱን ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ የምናገረውን አገኘሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመጋዘኑ ተሰበሰብን። ወንዶቹ የጥጥ እስሩ ላይ ተቀመጡ፣ እኛ ቆምን። ከፊርማው በፊት ሐሳብ ያለው ይናገር ሲባል እጄን አነሣሁ። ጉልበቴ እንደ እናታችን ጉልበት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በዚህ አትሳቅ። ሁሉም እንዲገባው በወላይትኛ ተናገርኩ። "ሶርሳ፣ የላሚቱ ግማሽ የእኔ ነው። ሳምንቴ ሲደርስ፣ ትርፌ የግማሽ ባለቤት ናትና አጓት ይበቃታል ትለኛለህ?" አልኩት።

ወንዶቹ ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። "በላሚቱ አንዲት ጠብታ በድዬሽ አላውቅም" አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም አውቃለሁ አልኩት፤ ለላም ያወቅኸውን ፍርድ ለሰው ምነው ነሣኸን? ከዚያ ስለ ጸሐፊው ነገርኳቸው። እንግዳ ፊት ስለሆንን ሥራችንን እንዳሳነስን፣ እኔም ያንኑ እንደ ተረጎምኩ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ሳልደብቅ ተናገርኩ። ያን ጊዜ ወንዶቹ ገባቸው። እናቱ ሙሉ ገበታ አቅርባ ምንም የለንም ስትል ያልሰማ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

ጫኙ ኤርሳዶ ብቻ ተነሥቶ ቆሻሻ መልቀም ምን ሥራ ነው፣ እናንተ ጭማሪያችንን ልታስቀሩብን ነው ብሎ ተቆጣ። ብርቄም አንድ ቅርጫት ያልጸዳ ጥጥ አምጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ሰው እያየው እንቢ ማለት አፍሮ መልቀም ጀመረ። ስብሰባው ሲያልቅ ሩቡን እንኳ አልጨረሰም፤ ያጸዳውንም ብርቄ እንደገና ለቀመችው። እጅ ሲቆጠር ሴቶቹ ሁሉ፣ ከወንዶቹም አሥራ አራቱ፣ ውሉ ሳይስተካከል እንዳይፈረም ወሰኑ።

ባለቤቱ በቀላሉ እሺ አላለም። ሶርሳ ብርቄንና እኔን ይዞ ሦስት ቀን ተመላለሰ፤ መልሱ ያው መዝገብ ነበር። በአራተኛው ቀን ጧት አርባችንም በሰዓታችን መጥተን ከአጥሩ ውጭ ተቀመጥን። የባለቤቱ ወኪል ወጥቶ ምነው ቢለን፣ ብርቄ በወረቀታችሁ አጋዥ ነን፣ አጋዥ ደስ ሲለው ነው የሚያግዘው፣ ዛሬ ደስ አላለንም አለችው። ወንዶቹ የተረፈውን ንጹሕ ጥጥ እስከ አራት ሰዓት አበሉትና ማሽኑ ቆመ። ሶዶ እንዲያ ጸጥ ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ ከገበያ ሰዎች ምን ሆነ እያሉ መጡ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ አስጠራን። ወንዶቹ ከሃያው ሳንቲም ጭማሪ አሥሩን ተዉ፤ እሱም እኛን በሰዓት ልክ ሊከፍል ተስማማ።

ስለዚህ ውሉ ተፈረመ። ወንዶቹ አንድ ብር ከአሥር፣ እኛ ልክ ግማሹን፣ ሃምሳ አምስት ሳንቲም እናገኛለን። የሕመም ፈቃድም አለን። አጋዥ የሚለው ተሰርዞ የግማሽ ቀን ሠራተኛ ተባልን። ሶርሳ መዋጯችሁም ግማሽ ይሁን ቢለን ብርቄ ሰማይ ተደፋብኝ አለች፤ ግማሽ ከከፈልን ነገ ድምፃችንንም ግማሽ ነው ትላላችሁ ብላ ሙሉውን እንደምንከፍል አጸናች። ሴቶቹ ግን ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆነው ነበር፤ አሁን ሁለት ጊዜ ደመወዝ ተቀብለን አመኑ። ኤርሳዶ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ሚስቱ ግን ባለፈው ገበያ አግኝታኝ ቦታ ሲገኝ እንዳስገባት ለመነችኝ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ አንመጣም። ይህን ስነግራት እናታችን አንቺ ታውቂያለሽ ብላ ዞር አለች፤ ማታ ግን መዝሙር ስታዜም ሰማኋት። የመኪናውን ገንዘብ በኑሪ እጅ መልሼልሃለሁ፤ አኩርፌ አይደለም። አባይነሽንና ልጆቹን ይዘህ ለመስቀል በእሱ ናልን።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ሦስት ወር ልቤ ውስጥ ስለ ቆየ ሳልለው አልዘጋም። በዚያው ደብዳቤህ፣ እኛ ቋሚዎቹ ጭማሪ አገኘን፣ እነዚያ ለአጨዳ ከአገር ቤት የሚመጡት ግን እንደ ወፍ መጥተው የሚሄዱ ስለሆኑ ውል ውስጥ አይገቡም ብለሃል። ወንድሜ፣ ከወፎቹ አንዱ የአገራችን ሰው፣ የበዴሳው ጦና ልጅ ነው። ያንተንም የመጀመሪያ ዓመት አልረሳሁም፤ ቆንጨራህን በትከሻህ አድርገህ ስትወጣ ስንቅህን የቋጠርኩት እኔ ነኝ። አንተም ያን ጊዜ ወፍ ነበርክ። እኔን ተበደልሽ ብለህ ቤት ዘግተሽ ነይ እስክትለኝ ካዘንክ፣ እባክህ በሚመጣው ስብሰባችሁ እጅህን አንሣ። ጉልበትህ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም፣ የእኔም ተንቀጥቅጧል።

ለእኅቴ ለአባይነሽ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ ጉንጯን ሳምልኝ። ለልጆቹ ሣራ የሣለችውን የላሚቱን ሥዕል ልካለች፣ እንዳይጣሉበት አንተ ያዝላቸው። እናታችን ግንባርህን ትስምሃለች፣ ወገብህን በቅቤ አስታሽ ትላለች። ሶርሳና ሚስቱም ሰላም ብለውሃል። ለሸንኮራ ቆራጮቹ ደግሞ፣ የሁሉንም ስም ባላውቅም፣ ከሶዶ የግማሽ ቀን ሴቶች ሰላምታ አድርስልን፤ ሙሉውን፣ ሳትቀንስ።

እኅትህ ትርፌ
ሶዶ፣ ግንቦት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.