ሦስት ጊዜ የሚንኳኳው በር

ለወንድሜ ለሀሩን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ባለህበት አላህ ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከጀውሃ ሙቀት በቀር የሚከፋ ነገር የለም።

እዚህ ቤታችን የተቀረጸው የቴሌቪዥን ድራማ ካለቀ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም፣ ቤቱን ሊያዩ የሚመጡት ሰዎች አልቀነሱም። ከአዲስ አበባ ድረስ ሚኒባስ ተኮናትረው ይመጣሉ። ምን እንደሚያዩ እንጃላቸው፤ ያው ቆርቆሮና ጭቃ ነው። ታስታውሳለህ፣ በመጨረሻው ክፍል የጠፋው ልጅ ተመልሶ በሩን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ እናቱም ትከፍትለታለች። እንግዶቹም እንደሱ ሳያንኳኩ አይገቡም፤ አንዱ ያንኳኳል፣ ሌላው በስልክ ይቀርጻል።

በተንኳኳ ቁጥር የምትነሳው እማ ናት። እኔ ልክፈት ብላት አትሰማም። ባለፈው ጁምዓ ውዱእ እያደረገች ተንኳኳ። ከክንዷ ውሃ እየተንጠባጠበ በባዶ እግሯ ሮጣ ከፈተች። እነሱ ደግሞ "ልክ እንደ ድራማው!" ብለው አጨበጨቡላት። ተናድጄ ሁሉንም አባረርኳቸው።

ወዲያው "ማንኳኳት ክልክል ነው" ብዬ በትልልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከገበያ ስመለስ ወረቀቱ የለም። እማ ገንጥላ፣ አጣጥፋ መስገጃዋ ሥር አድርጋዋለች።

"ምነው እማ?" ስላት፣

"አንቺ ልጅ፣ የሚመጣው ማን እንደሆነ በምን አወቅሽ?" አለችኝ።

ስልክህ እንቢ ስላለኝ ይህን የላኩልህ ወደ ጂዳ በሚመለሰው በጎረቤታችን በካሚል እጅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰላም ይልሃል። ስትመጣ ግን አደራ፣ እንዳታንኳኳ። ከደጅ ሆነህ "እማ" ብለህ ተጣራ።

እህትህ ሲሃም