የራመኑ ጠብ

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን፣ ቡሬ

ዛሬ ሰው ፈነከትኩ።

ልጄ ትዕግሥት ስልኳ ላይ የምታነበው የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ አለ። እዚያ ራመን የሚሉትን ባለ መረቅ ፓስታ ሲበሉ ሽርርር እያደረጉ ነው የሚስቡት። «እማ፣ ድምፅ ካላሰማሽ ባለሙያዋን ናቅሻት ማለት ነው» አለችኝና በዶሮ መረቅ ሠርታ አቀረበች። እኔም ሳብኩት! በሳቅ ልንሞት ነበር።

የባሌ ታላቅ ወንድም አያ ደሳለኝ ድንገት ገቡ። «ይሄ ማዕድ ነው ጋጣ? ሴት ልጅ እንዲህ ስትመጠምጥ ትስቂያለሽ?» ብለው የትዕግሥት ጀርባ ላይ ዱላቸውን አሳረፉ። «ኧረ አያ፣ ይተዉ!» ብል አልሰሙኝም። ሁለተኛው ዱላ ሳህኑን ገለበጠውና ትኩሱ መረቅ ክንዷ ላይ ፈሰሰ። ጩኸቷን ስሰማ ድስቱን አንሥቼ ግንባራቸውን አልኳቸው። ደሙ ጋቢያቸውን አራሰው።

ባሌ ነገ ሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክመሽ አያ እግር ላይ ውደቂ ይለኛል። ታላቅ ናቸው፣ እሺ። የልጄ ክንድ ግን ቆዳው ተልጧል። «ለእሷስ ማን ይሸከምላታል?» አልኩት።

ትዕግሥት ሰምታለች። «እማ፣ ከተሸከምሽ እዚህ ቤት አታገኚኝም» አለችኝ።

ይኸው አሁን በአንድ እጇ ልብሷን እያጠፈች ነው።