ቤንዚን ደጅ ያድራል

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሆዴ ፍሬ፤

እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ድምፅሽ በስልክ ጎርነን ብሎብኝ ሰንብቷል። አንቺ "ደህና ነኝ" ስትዪ እኔን መምሰልሽ ስለሆነ አላምንሽም። እኔ ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው። ይኸው፣ እኔም አልኩት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። ስትደውዪ አባትሽ ጉልበቴ ሥር ተቀምጦ ነው የምናወራው። የሰማውን በኋላ ይረሳዋል፣ ሲሰማው ግን ያመዋል። ወጣ ብዬ ላውራሽ ብል ደግሞ በሩን ከውስጥ ይዘጋብኛል። ሣሩን የማጭድለት ትምህርት ቤት ሒሳብ ሹም እናንተ ከተማ እህቷ ጋ ልትሄድ ነውና "የምትልኪው ዕቃ ካለ" ስትለኝ፣ ዕቃስ የለኝም፣ ወሬ ግን ሞልቶኛል አልኳት።

አባትሽ አንቺ ካየሽው ወዲህ ብሶበታል። የትናንቱን አያውቅም፤ የድሮውን ግን ዛሬ ጠዋት እንደሆነ ያህል ያወራዋል። አንዳንዴ እኔ ራሴ ማን እንደሆንኩ ይጠፋዋል። እጁ ግን ምንም አልረሳም። የሣር ማጨጃ ማሽኑን ካንዴላ ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ሲያስር ብታዪው ታሟል አትዪም። ሣር ማጨዱን እኔ ከያዝኩት ቆየሁ፤ ማንገቻው ትከሻዬን ለምዶታል። ሰፈሩ በመጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር፣ አሁን ተወኝ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ እናንተ ለእኔ ጭራሽ ባለሞተር ማጭድ ሰጣችሁኝ።

አንድ ቀን እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ከቤት ወጥቶ፣ አስፋልቱ መሀል ቆሞ መኪናዎቹን "ሣሩን አትርገጡ!" ሲል ተገኘ። ያየው ሁሉ ሳቀ። አጠገቡ ትቀመጥለት የነበረችው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ልጇ ጋ ሄዳለች፤ ሌላ ሰው ፈልጌ አጣሁ። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ስወጣ ከውጭ በጓጉንቸር እቆልፍበት ጀመር። ስቆልፍ ድምፁ እንዳይሰማው ቀስ ብዬ ነው። ይሰማዋል መሰለኝ።

ነዳጁስ ካልሽ፣ የጭንቁ ጭንቅ እሱ ነው። አንቺ እያለሽ ጀሪካኑ ከግቢው ግንብ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። አባትሽ "ቤንዚን እንግዳ አይደለም፤ ደጅ ያድራል" ይል አልነበር? አከራያችን ግን ተከራይ ሲበዛባት፣ ደጅ ቆሞ ሲጋራ የሚያጨስም ሲመጣባት፣ "ከእንግዲህ ግቢዬ ውስጥ ቤንዚን ማየት አልፈልግም" አለች። ፍርሃቷ ልክ ነበር። ታዲያ የት ላድርገው? ማደያው ሩቅ ነው፤ በየቀኑ ልመላለስ ብል አባትሽን ማን ያየዋል? ጀሪካኑን በጨርቅ ጠቅልዬ አስገባሁትና አልጋው ሥር ከተትኩት። አባትሽን ከቤንዚኑ ጋር ቆልፌ መውጣት ጀመርኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ።

እንዳትቆጪኝ። እስከ አፉ ሞልቼው አላውቅም፤ ሲሞቅ እንደሚያብጥ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ክዳኑን አጥብቄ፣ መስኮቱን ከፍቼ ነበር የምወጣው። ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀትር ላይ ምን ይደረጋል? መስኮቱም የሚከፈተው ወደ ጎረቤት ግንብ ነው፤ ነፋስ በየት በኩል ይግባ? ከሥራ ስመለስ ቤቱ ማደያ ማደያ ይሸታል፤ ራሴን ይወቅረኛል። አባትሽ ግን ሽታውን ይወደዋል። "ሥራ ይሸታል" ይለኛል።

ማክሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱን ሜዳ እያጨድኩ ነዳጅ አለቀብኝ። ዝናቡ ሣሩን ስላሳደገው ማሽኑ ከወትሮው አብልጦ ጠጣ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቤት ደርሼ ነዳጅ ላምጣ ብዬ፣ ማሽኑን ለጥበቃው አደራ ሰጥቼ ሄድኩ።

የግቢውን በር ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ሮጥኩ። ጓጉንቸሩን ከፍቼ በሩን ስገፋው አልንቀሳቀስ አለኝ፤ አባትሽ ከውስጥ ጠረጴዛውን አስደግፎበታል። በመስኮቱ በኩል ዞርኩ። በቤታችንና በግንቡ መሀል ያለውን ክፍተት ታውቂዋለሽ፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያሳልፍም። ተወትፌ ደረስኩና በፍርግርጉ አየሁ።

መሬት ላይ ተቀምጧል። የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ፊቱ ነው፣ እስከ ግማሹ ቤንዚን። የውሃ ፕላስቲኮቻችንን ደርድሮ በሻይ ኩባያ እየቀዳ ይሞላቸዋል። ሱሪው ርሷል። ከጀርባው የኤሌክትሪክ ምድጃችን አለ፤ ላዩ ላይ ማንቆርቆሪያ ተጥዷል፣ ማብሪያውም ተከፍቷል። ሻይ አምሮት ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። መብራቱ የመጣ ጊዜ ግን ይግላል። "የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፣ ሽታው ነው" ስትዪኝ እሺ እሺ እል ነበር እንጂ የገባኝ ያኔ ነው። ቤቱ ሙሉ ሽታ ነበር።

መብራቱን እንዳላቋርጥ ቆጣሪው አከራያችን ሳሎን ውስጥ ነው፤ እሷ ደግሞ ቤቷን ዘግታ ወጥታለች። ተከራዩ ሁሉ ሥራ ነው። አባትሽ ላይ ብጮህ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ያገኘውን ይጎትታል፣ ምድጃውም አጠገቡ ነው። ልጄ፣ እዚያ ክፍተት ውስጥ ትንሽ ቆምኩ። እግሬ ወደ ግቢው በር ዞሮ ነበር። ሰው ልጠራ ነው መሰለኝ።

"አንተ ሰው፣ በሩን ክፈትልኝ" አልኩት እንደ ወትሮዬ።

ቀና ብሎ አየኝ። "ማን ልበል?"

"እኔ ነኛ! ሚስትህ!"

"ሚስቴ የለችም" አለ። "ቆልፋብኝ ሄዳለች።"

በቁጣ አይደለም ያለው። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚባለው ብሎት፣ ኩባያውን ሳፋው ውስጥ መልሶ ነከረ።

ምን እንደመራኝ አላውቅም፣ ድምፄን ለወጥኩ። "ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሣር የሚያጭዱት እርስዎ ነዎት?"

ፊቱ በራ። "ነኝ። ምን ነበር?"

"ግቢዬን ሣር ዋጠው። መጥተው ቢያዩልኝ ብዬ ነው።"

"አሁን አይመቸኝም እመቤት። ለነገ ነዳጅ እየደባለቅኩ ነው።"

"እዚያው ቤት ውስጥ?" አልኩት። "እኔን እንኳ እንደ እሳቸው ጠንቃቃ የለም ብለው ነው የላኩኝ።"

እጁ አየር ላይ ቀረ። ሳፋውን አየ፣ ፕላስቲኮቹን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። "ማነው ይሄን በውሃ ፕላስቲክ የቀዳው? ሰው ውሃ መስሎት ቢጠጣውስ? ማነው ቤት ያስገባው?"

"ሠራተኛዎ ይሆናል። እርስዎ ወደ ውጭ ይውጡ፣ እሱ ያነሣዋል።"

"ልክ ነዎት። እርስዎም ወዲያ ራቅ ይበሉ። ክብሪት አልያዙም?"

"አልያዝኩም ጌታዬ።"

ዕድሜ ልኩን አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው በስተርጅና አንቱ አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ጠረጴዛውን ሲጎትት የጠረጴዛው እግር ሲሚንቶውን ሲፍቀው ነፍሴ አብራ ተፋቀች። በሩ ተከፈተ። እጁን ይዤ ግቢው ዳር ቧንቧው ጋ ወሰድኩት፤ ሱሪውን አስወልቄ በውሃና በሳሙና አጠብኩት። ሻሽ አፌ ላይ አስሬ ተመለስኩ፤ የምድጃውን ገመድ ነቀልኩ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ሳፋውን በሁለት እጄ አቅፌ ጠብታ ሳላፈስ አወጣሁ። ፕላስቲኮቹን አንድ በአንድ። የራሰውን ጨርቅም አወጣሁና ግንቡ ላይ ዘርግቼ አሰጣሁት።

ጨርሼ አጠገቡ ቁጭ እንዳልኩ የጎረቤት ሬዲዮ ዘፈን ለቀቀ። መብራት መጥቶ ነው። አባትሽ በእግሩ ምቱን ይዞ መታ። እኔ እንባዬ መጣ፤ "ሳሙናው ዓይኔ ገብቶ ነው" አልኩት፣ ሳይጠይቀኝ።

አከራያችን መጥታ ሽታውን ስታገኘው የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። "ደጅ አይቀመጥም ስላልኩሽ ቤቴ ውስጥ ከተትሽው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ምን እላለሁ? በሩ ላይ ቆማ ውስጡን አየችና "እህቴ፣ አላስወጣችሁም" አለች። "ግን ቤንዚኑ እዚህ ግቢ አይገባም። እሱም ብቻውን አይቀርም። በእሱ ላይ ስትቆልፊ ማየት እኔም አልችልም።" ደግ ሴት ናት። በደግነቷ የቀረችኝን አንዲት በር ዘጋችው።

ነዳጁን በተመለከተ ተገላገልኩ። ትምህርት ቤቱ ከክፍሎቹ ርቃ ለብቻዋ የተሠራች የመሣሪያ ማስቀመጫ አለችው፤ ጥላ ነች፣ ከላይም ከታችም አየር ታስገባለች። ጥበቃው ርእሰ መምህሩን አስፈቅዶ ሰጠኝ። ቀይ የነዳጅ ጀሪካን አግኝቼ "ቤንዚን ከዘይት ጋር" ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት፣ የደባለቅኩበትንም ቀን ጨምሬ። ብዙ አልደባልቅም፤ የሰነበተ ነዳጅ ማሽኑን ያንቀዋል። ሳፋ ውስጥ የነበረውን ቦይ ውስጥ አልደፋሁትም፣ የመኪና ጋራዡ ተቀብሎኛል። ስለ ነዳጁስ እፎይ በዪ።

አባትሽን ግን ይዤው ነው የምሄደው። ጠዋት አብረን ወጥተን፣ ስመለስ አብረን እንገባለን። እኔ ሳጭድ እሱ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጥበቃው በዓይኑ ይከተልልኛል። ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በሩን እያንኳኳ ይጠብቀኛል። ጓጉንቸር አያስፈልገንም፣ እጄን ከያዘ አይለቅም። ባለፈው አንዲት የድሮ ጓደኛዬ መንገድ ላይ አግኝታኝ "ነይ እስቲ ቁጭ ብለን እንጫወት" አለችኝ። ልሂድ ብዬ እጄን ለማስለቀቅ ስሞክር ጥፍሩን ሰካብኝ። ሌላ ቀን አልኳት። ሌላ ቀን የቱ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ እግዜር ይስጣት።

ዓርብ የሆነውን ልንገርሽና ላብቃ። ሜዳው ዳር ነዳጅ ልደባልቅ ስዘጋጅ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣ። "ስጪኝ፣ እንደሱ አይደለም" ብሎ ጀሪካኑን ተቀበለኝ። ደነገጥኩ፣ ግን ዓይኑ ጥርት ብሎ ነበር። መሬት ላይ አስቀመጠው። መጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን ጨመረ፣ ዘይቱን በመለኪያው ለክቶ አስከተለ፣ ከድኖ ናጠው፣ ክዳኑን ላላ አድርጎ አየሩን አስተነፈሰ፣ የቀረውን ቤንዚን ሞላና ደግሞ ናጠው። የጀሪካኑን አፍ በጨርቅ ጠረገ።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና "ልጄ" አለኝ። ድምፁ ለአንቺ ብቻ የሚያወጣው ነው።

"አቤት አባባ" አልኩት።

"እናትሽን አየሻት? ከስታለች።"

"አየኋት።"

"እኔ ጋ መተንፈሻ የላትም። እኔን ተዪኝ፣ እሷን ውሰጃት። እንዳትነግሪያት ግን፤ ከሰማች አልሄድም ትላለች።"

"እሺ አባባ።"

"እናቴ ትሙት በዪ።"

ምን ላድርግ ልጄ? "እናቴ ትሙት" አልኩ። ዓይኔን ፈልጎ አየኝና ደስ ብሎት ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔም መነጽሬን አድርጌ ማሽኑን አስነሣሁ። ይሄ የማጨጃ መነጽር ጥሩ ነው፤ ከሣርና ከጠጠር ይከላከላል፣ ውስጡንም ሰው አያይም።

ይሄን የጻፍኩልሽ ላስጨንቅሽ አይደለም። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አንቺን አያስርሽም። እኔ የትም አልሄድም። ብሄድስ ማን ያለብሰዋል፣ ማን ያጎርሰዋል? እንዲያው ወሬ ነው፣ እንዲህ አለ ለማለት ያህል። ስትደውዪ ደግሞ ስለ ደብዳቤው አታንሺ፣ አጠገቤ ነው የሚሆነው። "ደረሰኝ" ለማለት ከፈለግሽ ኡሁ ኡሁ ብለሽ ሁለት ጊዜ ሳዪልኝ፤ ይገባኛል።

ፈጣሪ መግቢያሽንም መውጫሽንም ክፍት ያድርግልሽ። የምትተኚበት ቤት ነፋስ አይጣ። የሚወድሽ ሰው ስምሽን አይርሳ።

አባትሽ ከእንቅልፉ ነቃ፣ እየተጣራ ነው። ማን ብሎ እንደሚጠራኝ ሄጄ ልስማ።

እናትሽ